ወረደ የተባለው ቁጥር

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይኼን ስንት ጊዜ ልናገር? ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ከንፋስ መውጫ ገበያ ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ መንገድ ላይ አስቁማ ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና፣ «ሐረገ ወይን፣ እስቲ እዪልኝ፤ ያቺ የባልሽ ነገር እኔም ላይ አለች ወይ?» አለችኝ። ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጀምሬ የተውሁ ሴት ነኝ። ግን አየሁላት። ያቺን መስመር አውቃታለሁ፤ ሦስት የፈረንጅ ፊደል ናት፣ ከጎኗ ቁጥር አለ። ሲአርፒ ይሏታል። የጎረቤቴ ቁጥር ስድስት ነበረ። «ሂጂ፣ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ግን እኔን ትተሽ የጻፈልሽን ሐኪም ጠይቂ» ብዬ ሸኘኋት።

ሰዉ እንዲህ የሚያደርገኝ በባሌ በቄስ ምስጋናው ምክንያት ነው። እሱ የደረሰበትን ሁሉም ሰምቷል። እኔ ግን ያቺን ቁጥር ዘግይቼ ነው ያወቅኋት፤ ዘግይቶ ማወቅ ደግሞ ምን ይረባል?

ምስጋናው ደግ ሰው ነው። ይኼ አስቀድሞ ይታወቅልኝ፤ ኋላ ስሳደብ እንዳትታዘቡኝ። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ቄስ ነውና። ቤታችን ስንገባ ግን አንተ ነው፤ ሲያናድደኝ ደግሞ ከአንተም ይወርዳል። ስናገረው ይስቃል እንጂ አይቆጣም። የሚያገለግለው በደብራችን በሚካኤል ነው። ገበሬም ነው፤ ሳምንቱን ያርሳል፣ በዓል ሲሆን ይቀድሳል።

እንግዲህ ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው አይሆንም። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ነው። አምስት ካልሞላ ቅዳሴው ይታጎላል፤ ሕዝቡ ተሳልሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዲያቆንስ ሞልቶናል። ቄስ ነው የጠፋው። አንዱ ባሕር ዳር ልጆቹ ዘንድ ወርዶ እዚያው ቀረ፣ አንዱን ሞት ወሰደብን። የቀሩት አረጋዊው ቄስ ይስሐቅና የኔው ሰውዬ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሚካኤል ያለ ቅዳሴ ይውላል ማለት ነው።

ደም የሚወጣው ቁስል ያለበት ካህን ደግሞ መቅደስ አይገባም። ጣቱን ማጭድ ቢጨርፈው እንኳ እስኪድን ድረስ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ አይቀድስም። ይኼን በኛ አገር ልጅም ያውቀዋል።

ሐምሌ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ቆርቆሮ አውርደው በአዲስ ሲለውጡ ምስጋናው ምስማር ረገጠ። የሸራ ጫማውን ሶል አልፎ ውስጥ እግሩን ወጋው። ያን ጊዜ ይኼን እኔም አላወቅሁ፣ ማንም አላወቀ። ምስማሩን ነቅሎ ወረወረው፣ ጫማውን መልሶ አጠለቀው፣ ሥራውን ቀጠለ። ማታ ቤት ገብቶ ምንም አላለኝም።

እግሩን የማጥብለት እኔ ነበርሁ። ያን ሰሞን «ተይው፣ ራሴ ታጥቤያለሁ» ማለት አመጣ። እኔ ቂሏ ደስ አለኝ! ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ሰውዬው አዘነልኝ፣ አንድ ሥራ ቀነሰልኝ አልሁ። ሲያነክስ አይቼ ስጠይቀው «ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው» ይለኛል። ቁስሏም እንደሆነ ከላይ ድፍን ብላለች፤ ደም አይወጣት፣ ፈሳሽ አይወጣት። እሱም በዚህ ተጽናናና ደበቃት፤ መቅደስ ሲገባም ጫማውን እንጂ ካልሲውን አያወልቅም።

ሐምሌ ሲጋመስ ትኩሳት ጣለው። ጋቢ ላይ ጋቢ ብደርብለት ይንቀጠቀጣል። «ጠበል ይበቃኛል» አለ። «ጠበሉንም ትጠመቃለህ፣ ሐኪሙንም ታየዋለህ» አልሁና እየጎተትሁ ንፋስ መውጫ ወሰድሁት። ልጃችን አዜብ እዚያ አስተማሪ ናት፤ በባጃጅ ተቀብላን አንድ ክሊኒክ ይዛን ገባች።

ያየችን ሐኪም ቤተልሔም የምትባል ልጅ ናት። ገና እንደገባን ተነሥታ መስቀሉን ተሳለመች። እኔ ወዲያው ወደድኋት።

«አባቴ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«ትኩሳት ብቻ ነው፣ ልጄ።»

«ሳል አለዎት?»

«የለኝም።»

«ሽንት ሲሸኑስ ያቃጥልዎታል?»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ አፍሮ።

«ቁስል አለብዎት? የወጋዎት፣ የቆረጠዎት ነገር?»

ይኼን ጊዜ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን ዛሬም አልረሳውም። ከዚያ ወደሷ ተመለሰና «የለብኝም» አለ።

ደረቱን አዳመጠች፣ ሆዱን ጫን ጫን አድርጋ አየች፣ ጉሮሮውን በባትሪ አየች። ቀጥላ «ጫማዎንም ያውልቁልኝ፣ እግርዎን ልይ» ስትለው፣ «ልጄ፣ በጭቃ ነው የመጣሁ፤ እግሬ ቆሽሿል፤ አታሳፍሪኝ» አላት። ልጅቱ ጭንቅ አላት። አባቷ የሚሆን ቄስ፣ ያውም መስቀሉን የተሳለመችው፣ አታሳፍሪኝ ብሎ ሲለምናት እንዴት አድርጋ ግድ ያውልቁ ትበለው? የአገሬ ልጅ አይደለች? «እሺ አባቴ» ብላ ተወችው። ደም ቀድታ ወደ ላቦራቶሪ ላከች።

ወረቀቱ ሲመጣ አዜብ ተቀብላ አነበበች። «እማዬ፣ ሲአርፒ፣ ማለት ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን ይላል፤ መቶ አርባ ስድስት። ከፍተኛ ነው የሚል ምልክት አለበት።»

ፕሮቲን ሲባል እኔ መች አጣሁት! የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት እየዞረች ያስተማረችን አይደለም? እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር። «እንግዲያው ባቄላው በዝቶበት ነው፤ እቀንስለታለሁ» አልሁ። አዜብ አፏን ይዛ ሳቀች። ሐኪሟም ሳቀች፤ ግን እጄን ይዛ አስረዳችኝ።

«እናቴ፣ ይኼኛው ከምግብ የሚመጣ አይደለም። ጉበት ነው የሚሠራው። ሰውነት ውስጥ አንድ ቦታ ሲመረቅዝ ወይም ሲቆጣ፣ ጉበት ይኼን ነገር አብዝቶ ወደ ደም ይለቀዋል። ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት፣ ቢበዛ ከአሥር አይበልጥም። የአባታችን መቶ አርባ ስድስት ነው። ሰውነታቸው ከአንድ ከባድ ነገር ጋር እየታገለ ነው።»

«የት ላይ ነው ታዲያ የሚታገለው?»

«እሱን አይናገርም። እንደ ግቢ ውሻ ነው። ሲጮህ ሰው መምጣቱን ታውቃላችሁ፤ ማን እንደመጣ፣ በየት በኩል እንደገባ ግን ወጥታችሁ ማየት አለባችሁ።» ከዚያ ፊቷን ወደሱ አዞረች። «አባቴ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ቦታውን ካላወቅሁ እየገመትሁ ነው የማክምዎት።»

ምስጋናው ጥምጥሙን አስተካከለ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ» አላት። እግዚአብሔርማ ያውቃል! እግዚአብሔር የሚያውቀውን ለሐኪም መንገር ምን ነበረበት?

በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠችው። በሳምንቱ ተመለሱ፣ እንደገና እንለካዋለን አለችን። ትኩሳቱ በጥቂት ቀን በረደ። ማነከሱም ቀለል አለ። ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ተመልሰን ሄድንና ደሙን ሰጠ፤ ሠላሳ ስምንት ሆኖ መጣ። እኔ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ እልል ልል ስል አዜብ አፌን ያዘችኝ።

ሐኪሟ ግን እንደኛ አልፈነደቀችም። «ወርዷል፣ ደስ ይላል» አለች። «መድኃኒቱ በሽታውን አግኝቶታል ማለት ነው። ግን ምን እንዳገኘ፣ የት እንዳገኘ እስካሁን አላወቅንም። ሠላሳ ስምንት ጤና አይደለም። አንድ ጊዜ ከተለካው ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ነው ቁም ነገሩ፤ ከአሥር በታች እስኪገባ መከተል አለብን። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይምጡ። መውረዱን ካቆመ፣ ወይም ተመልሶ ከወጣ፣ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነውና ደብረ ታቦር ልኬ በራጅ እንዲፈለግ አደርጋለሁ።»

ይኼን ሁሉ ተናግራ ምስጋናው የሰማው አንዲት ቃል ነው፤ ወርዷል። ወረቀቱን አጣጥፎ ዳዊቱ ውስጥ ከተተው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ለጠየቀው ሁሉ እያወጣ ያሳየዋል። «ከመቶ አርባ ስድስት ሠላሳ ስምንት ብቻ ቀረኝ» ይላል። ሰዉም «እሰይ፣ እንኳን ማረዎት! ያችንም ሚካኤል ያነሣልዎታል» ይለዋል። እኔም አብሬ እሰይ ብያለሁ፤ ምን ልዋሽ። ብዙው ከሄደ ጥቂቱም በራሱ ይሄዳል ብዬ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ እንደልማዱ ሱባኤ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለችው ጎጆ ገባ። በፍልሰታ በየቀኑ ይቀደሳል። ቀዳሽ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም፤ ቅዳሴው እስኪወጣ ጀምበር ታዘቀዝቃለች። በቀን ሦስት ጊዜ የተባለው መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ ሆነ። በመጨረሻም ያቺ አንዷ ቀረች። እኔ የባቄላ ንፍሮና ጠላ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ «መድኃኒቱን ውጠሃል?» እለዋለሁ፤ «ውጫለሁ፣ ሂጂ አንቺ» ይለኛል። ቄስ ይዋሸኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ፤ እኔ ነኝ የተመነጠርሁት።

ጾሙ ተፈታ። «ቀጠሮህ አልፏል፣ እንሂድ» ስለው «እህሉ አረም ውጦታል፤ ዘመን መለወጫ ይለፍ» አለ። አዜብ በስልክ «እማዬ፣ ዶክተሯ መንገድ ላይ አግኝታኝ ለምን ቀሩ አለችኝ» ብላ ነገረችኝ። እንደገና ለመንሁት። «ወርዷል ብላኝ የለ? የወረደን ነገር ለማየት ይኼን ሁሉ መንገድ በጭቃ ልሂድ?» አለኝ። እኔም እጄን አጣጥፌ ተውሁት። አስሬ አልወስደው ነገር! ዛሬ ግን አስሬም ቢሆን እወስደው ነበር እላለሁ።

ጳጉሜን ውስጥ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ገላው እንደ እሳት ይፋጃል። ደግፌ አስገብቼ ጫማውን ላወልቅለት ስጀምር እጄን ያዘኝ። «ተይ» አለኝ። «ምን እተዋለሁ!» ብዬ መንጭቄ አወለቅሁት። ካልሲው ከእግሩ ጋር ተጣብቋል። ሽታው ቤቱን ሞላው። ውስጥ እግሩ አብጦ ጠቁሯል፣ ከመካከሉ መግል ይወርዳል።

«ምስጋናው! ይኼ ምንድን ነው?»

«ምስማር ነው።»

«መቼ የወጋህ?»

«ቆርቆሮውን ስንለውጥ።»

ጮህሁ። እሪ አልሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ባሌን ሰድቤው አላውቅም። አንተ ጨካኝ፣ አንተ ውሸታም፣ ምን አደረግሁህ አልሁት። ያቺ የሰው ልጅ ቁስል አለብዎት ወይ ብላ ስትጠይቅህ ምላስህ ተሰብሮ ነበር ወይ አልሁት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም ሰማኝ።

«ብናገር እግሬን ይከፍቱታል፣ ይደማል፤ መቅደስ አልገባም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ካልገባሁ አራት ነን። ሚካኤልን በፍልሰታ ልዝጋው?»

«ከሌላ ደብር ቄስ አይመጣም ነበር?»

«ከየት? ከማዶ? ከነአስማረ ዘንድ?» አለና በዚያ ሕመሙ ላይ እንኳ ፊቱን አጨማደደ። «ቄስ ተዋሱ ሊሉን? የሚካኤል ሰው ቀዳሽ አጥቶ ለመነን ብለው በየለቅሶው፣ በየማኅበሩ ሊያወሩብን?»

ማዶ የሚለው ከወንዙ ወዲያ ያለውን የማርያምን ደብር ነው። እነሱና እኛ ዱሮም መተራረብ እንወዳለን። እነሱ የኛን ካህናት ድምፅ የላቸውም ይላሉ፤ የኛዎቹ እነሱን ዜማ ይስታሉ ይሏቸዋል። ቄስ አስማረ ደግሞ የተረቡ አለቃ ነው፤ ከምስጋናው ጋር ሲገናኙ ሳይነካካ አይውልም። እንግዲህ ያን ሰው አንድ ቃል ላለመለመን ነው ባሌ በምስማር የተወጋ እግሩን ይዞ በዚያ ሁሉ ቅዳሴ ላይ የቆመ። ወይ የኛ ሰው ኩራት!

«ለሐኪሟስ ብቻዋን አትነግራትም ነበር?» አልሁት።

«አንቺ እዚያው ነበርሽ» አለኝ። «አንቺ ከሰማሽ ቄስ ይስሐቅ ይሰማሉ።»

እውነቱን ነው። ብሰማ ኖሮ ያንኑ ዕለት ቄስ ይስሐቅ ዘንድ ሄጄ ባሌን መቅደስ አያስገቡት እል ነበር። ይኼን ፈርቶ ነው የደበቀኝ። ከክፍሉ ወጣ ብል ኖሮ ይነግራት ነበር ይሆን? ይኼ ጥያቄ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከመው። ከንፋስ መውጫ ወዲያው ደብረ ታቦር ላኩን። ደሙን ወሰዱ፤ ያቺ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነች። እግሩን ራጅ አነሱት። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ አጥንቱ የተበላበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። በሽታው አጥንት ገብቶ ከዚያም ወደ ላይ እየሄደ ነው፤ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ሕይወቱን አናተርፈውም አለን።

ምስጋናው ተጋድሞ ይሰማል። «ሠላሳ ስምንት ነበር እኮ» አለ። «ወርዶ ነበር እኮ፣ ዶክተር።»

«የወረደው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፣ አባቴ። ሲያቋርጡት ተመልሶ ተነሣ» አለው ሐኪሙ ለስለስ ብሎ። «ያን ጊዜ እግርዎን ቢያሳዩ ኖሮ ከፍተን አጥበንልዎት፣ መድኃኒቱን በደንብ ወስደው፣ በእግርዎ ቆመው ይመለሱ ነበር ብዬ አስባለሁ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ምስጋናው ራሱ የንስሐ ልጆቹን ሲመክር የሚላት ናት። ኃጢአትን ሁሉ ተናገሩ፣ አትደብቁ እያለ ሰውን ሲያናዝዝ ኖሮ፣ አንዲት ምስማር መናገር አቃተው።

እግሩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያቺ ቁጥር በየጊዜው እየወረደች ሄደች። እኔም ወረቀቱ በመጣ ቁጥር ነርሶቹን «ስንት ሆነ?» ማለት ተማርሁ። ልንወጣ ስንል አራት ሆነች። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ሆኗል» አሉን። ደስ አለን? ሰውዬው ተርፎልኛል፤ ደስማ ይለኛል። ግን ያቺን አራት ባየኋት ጊዜ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥሁት፤ በሁለት እግሩ ሊያያት ይችል ነበርና።

ሐኪም ቤተልሔም በአዜብ ስልክ ደወለችልኝ። «እናቴ፣ ጫማቸውን ማስወለቅ ነበረብኝ» አለችና አለቀሰች። «ዝም በዪ!» ብዬ ተቆጣኋት። «ባሌ ዋሽቶሽ ነው። አንቺ መጠየቁን ጠይቀሻል።» ከዚያ በኋላ ግን «ለሌላው ቄስ አትዘኚለት፤ አስወልቂው» አልኋት። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን።

ጥቅምት ላይ ቤታችን ገባን። ጠያቂው በሩን ሞላው። ምስጋናው ሰውን ሁሉ እያመሰገነ ይሸኛል፤ ግን አንድ ነገር ሲያብሰለስል አውቄበታለሁ። ደብረ ታቦር ተኝቶም እዚህ ከገባም ስለ ሚካኤል ማንንም አልጠየቀ። የሚመልሱለትን ፈርቶ ነው። «እኔ ከታመምሁ ጀምሮ ቅዳሴው ታጉሏል፣ በኔ ምክንያት ነው» እያለ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ያን ሁሉ የሆነው እንዳይዘጋ ብሎ አይደል? እኔም ደብረ ታቦር አልጋው ሥር ከርሜ አላውቅም፤ ጠያቂውም የምናውቅ መስሎት አላነሣውም።

አንድ እሑድ ቄስ አስማረ መጣ። ነጭ ጥምጥሙን እንደጠመጠመ፣ ከነመቋሚያው። ገና ሳየው፣ ዛሬ ደግሞ በዚህ በሽተኛ ላይ ምን ሊተርብ ይሆን አልሁ። እሱ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የምስጋናውን እጅ ያዘ።

«በጠዋት ከማዶ እንዴት መጣህ?» አለው ምስጋናው። «ዛሬ ሰንበት አይደል? ቅዳሴ የለህም?»

«ከቅዳሴ መውጣቴ ነው።»

«የት?»

«እዚሁ ነዋ፣ እናንተ ሚካኤል። ከቄስ ይስሐቅ ጋር እኔ ነኝ የምቀድስ፤ አንተ ከታመምህ ጀምሮ። አልነገሩህም?»

ምስጋናው ከትራሱ ቀና አለ። «አልታጎለም?»

«አንድ ቀን እንኳ አልታጎለም።»

«ቄስ ይስሐቅ ለመኑህ?»

«ምን ልመና አለው?» አለ አስማረ ግራ ገብቶት። «አንተን በቃሬዛ የወሰዱህ ዕለት ሰው ላኩብኝ። ምስጋናው ታሟል በሉት ነው ያሉት። በማግሥቱ መጣሁ።»

«ምስጋናው ታሟል። ይኼን ብቻ?»

«ይኼን ብቻ። ሌላ ምን ይበሉኝ? እኛ ዘንድ ስምንት ቄስ ነን፤ በፍልሰታ እንኳ ተራው አይደርሰኝም። ዘንድሮ ሱባኤውን ቁጭ ብዬ ነው የዋልሁት። ያን ጊዜም ብትልክብኝ እኮ...»

እዚህ ላይ የምስጋናውን ፊት አየና አቆመ።

ባሌ መልሶ ተጋደመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድምፅ የለውም። ቄስ አስማረ መስቀሉን አውጥቶ ራሱ ላይ አኖረለት።

እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትሁ። አየህ አይደል ልለው ነበር። አላልሁህም ወይ ልለው ነበር። ካልሲውን ካወለቅሁበት ቀን ጀምሮ ያጠራቀምሁት ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልወጣልኝም። ሄጄ ከበስተጀርባው ተቀመጥሁና ጀርባውን ያዝሁት። አብሬው አለቀስሁ።